ሰው አንብቦ የሚረዳው የግል መረጃ ማስታወቂያ እንዴት ይዘጋጃል?

አዲስ ስልክ ሲከፈት ወይም አዲስ አፕ ሲጫን የሚመጣ ረጅም ጽሑፍ አለ፤ ምን መረጃችን እንደሚወሰድ የሚናገረው፣ የግል መረጃ ማስታወቂያ ወይም ፕራይቬሲ ፖሊሲ የሚባለው። ማንም አያነበውም። ጣት ወደ ላይ ይገፋል፣ «እስማማለሁ» ይጫናል፣ አለቀ። ብዙ ባለሙያዎች ይህን አይተው «ሰው ለግል መረጃው ግድ የለውም» ይላሉ። እኔ በፍጹም አልስማማም። ግድ የሌለው ሰው ስልኩን በፓስወርድ አይቆልፍም፤ ታክሲ ውስጥ መልእክት ሲያነብ ስክሪኑን ወደ ደረቱ አያዞርም።

ችግሩ ያለው ጽሑፉ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ አሜሪካዊ በዓመት የሚጎበኛቸውን ድረ ገጾች የግል መረጃ ፖሊሲ ሁሉ ላንብብ ቢል ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት አስልተው ነበር። ወደ 201 ሰዓት ደረሰ። ሌት ተቀን ሳይተኙ ቢያነቡ ከስምንት ቀን በላይ ማለት ነው። ያኔ ስማርት ስልክ ገና እንዲህ አልተስፋፋም፤ ካሜራው፣ ሰዓቱ፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ አልነበረም።

ይህ ጽሑፍ አፕ ለምትሠሩ፣ ካሜራ ወይም ሌላ «ስማርት» ዕቃ አስመጥታችሁ ለምትሸጡና ለምትገጥሙ፣ ወይም አለቃችሁ «እስቲ አንድ ፕራይቬሲ ፖሊሲ አዘጋጅ» ብሎ ለጣለባችሁ ሰዎች ነው። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ተጠቃሚው ያልጠበቀውን መጀመሪያ ንገሩት፣ ነገሩ በሚሆንበት ሰዓት ንገሩት፣ እምቢ ለማለትም እውነተኛ መንገድ ስጡት።

መጀመሪያ የምትሰበስቡትን እወቁ

ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ድርጅት አያውቀውም። ዲቨሎፐሩ ለንግድ ማስታወቂያ ወይም ለስታቲስቲክስ ብሎ ከሌላ ኩባንያ ያመጣው ኮድ አፑ ውስጥ አለ። ያ ኮድ በራሱ ጊዜ መረጃ ወደ ራሱ ሰርቨር ይልካል። ፖሊሲውን የሚጽፈው የሕግ ክፍል ደግሞ ኮዱ መኖሩን እንኳ አልሰማም። ስለዚህ ጉዳዩን ለጠበቃ ከመስጠታችሁ በፊት ከዲቨሎፐሮቹ ጋር ቁጭ በሉና አንድ ሠንጠረዥ አውጡ። ምን ይወሰዳል? መቼ? ለምን? ወዴት ይሄዳል? ማን ያየዋል? ምን ያህል ጊዜ ይቆያል? «ለምን» የሚለው ቦታ ላይ «ለወደፊት ሊያስፈልገን ይችላል» የሚል መልስ ከመጣ ያን መረጃ መሰብሰቡን ተዉት። ስለማትሰበስቡት ነገር ማስታወቂያ መጻፍ የለባችሁም።

ማስታወቂያውና ኮዱ ካልተስማሙ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ «ብራይተስት ፍላሽላይት» በሚባል የአንድሮይድ አፕ ላይ ክስ አቅርቦ ነበር። አፑ ባትሪ ነው፤ መብራት ከማብራት ሌላ ሥራ የለውም። ነገር ግን ተጠቃሚው ያለበትን ቦታና የስልኩን መለያ ቁጥር ለማስታወቂያ ድርጅቶች ይልክ ነበር። ስክሪኑ ላይ «ተቀበል» እና «እምቢ» የሚሉ ቁልፎች ነበሩት። ሰውየው አንዱንም ሳይጫን ግን መረጃው መሄድ ጀምሯል። እንዲህ ያለውን ምንም ዓይነት ጥሩ አማርኛ አያድነውም፤ ምርጫ ከሰጣችሁ ኮዱ መልሱን ይጠብቅ።

ያልተጠበቀውን ከላይ አድርጉ

ሠንጠረዡ ሲያልቅ እያንዳንዱን መስመር ሁለት ቦታ ክፈሉት፦ ተጠቃሚው የሚጠብቀውና የማይጠብቀው። የታክሲ አፕ መኪና ስትጠሩ ያላችሁበትን ቦታ ማወቁ ማንንም አይገርምም። ስለዚያ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ከታክሲው ወርዳችሁ ቤታችሁ ከገባችሁ በኋላም አፑ መከታተሉን ከቀጠለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኡበር እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ላይ ጉዞ ካለቀ በኋላ እስከ 5 ደቂቃ ድረስ የተሳፋሪውን ቦታ መከታተል ጀምሮ ነበር፤ ተቃውሞው በረታና በ2017 ተወው።

እስቲ ይህንኑ ነገር በሁለት መንገድ እንጻፈው። መጀመሪያ ብዙዎች እንደሚጽፉት፦

«ድርጅቱ የአገልግሎቱን ጥራት ለማሻሻልና ለተጠቃሚዎች የላቀ ተሞክሮ ለመፍጠር ሲባል ከመሣሪያው የሚገኙ ልዩ ልዩ መረጃዎችን ሊሰበስብ፣ ሊያቀናብርና አግባብነት ላላቸው ሦስተኛ ወገኖች ሊያስተላልፍ ይችላል።»

አሁን ደግሞ እንዲህ፦

«ጉዞዎ ካለቀ በኋላም ለ5 ደቂቃ ያሉበትን ቦታ እናያለን። የወረዱበት ቦታ በትክክል መመዝገቡን ለማረጋገጥ ነው። ካልፈለጉ ከታች ያጥፉት፤ ታክሲ መጥራት አያግድዎትም።»

የመጀመሪያው ሐሰት የለበትም። ግን ምንም አልነገረንም። «ልዩ ልዩ መረጃዎች»፣ «አግባብነት ያላቸው»፣ «ሊሰበስብ ይችላል» የሚሉት ሁሉ መደበቂያ ናቸው። የምትሰበስቡ ከሆነ «እንሰበስባለን» በሉ። ለሌላ የምትሰጡ ከሆነ ለማን እንደሆነ ተናገሩ፦ ለባንክ? ለማስታወቂያ ድርጅት? ለእህት ኩባንያ? ሁለተኛው ጽሑፍ ምን፣ ለምን፣ እምቢ ብልስ ለሚሉት ሦስት ጥያቄዎች በሦስት ዓረፍተ ነገር መልሷል። አብዛኛው ማስታወቂያ ከዚህ ብዙ መርዘም የለበትም።

ስም ማሳመርም አያዋጣም። ቪዚዮ የሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን አምራች በ11 ሚሊዮን ቴሌቪዥኖች ላይ ሰው የሚያየውን ነገር ሁሉ ሴኮንድ በሴኮንድ እየመዘገበ ለሌሎች ይሸጥ ነበር። ይህን የሚያደርገው ሴቲንግ ስሙ «ስማርት ኢንተራክቲቪቲ» ነው። ማብራሪያው ደግሞ የፕሮግራም ጥቆማና ቅናሽ ለማቅረብ ያስችላል ይላል። ይህን አንብቦ «አሃ፣ የማየውን እየመዘገቡ ነው» የሚል ሰው ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ2017 ኩባንያው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። «ቴሌቪዥኑ የሚያዩትን ይመዘግባል» ብሎ መጻፍ አንድ መስመር አይሞላም ነበር።

መቼ ይነገር?

ትልቁ ስህተት ሁሉንም ነገር መጀመሪያ ቀን ላይ መከመር ነው። ሰውየው አፑን ያወረደው ብር ለመላክ ነው፤ ቸኩሏል። ያን ሰዓት ስለ ካሜራ፣ ስለ ኮንታክት፣ ስለ ሎኬሽን፣ ስለ ማይክ አንድ ላይ ብትነግሩት አንዱም አይገባውም።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ብዙ ሰው ስልኩን ራሱ አይከፍተውም። የስልክ ቤቱ ልጅ ነው ኢሜይል የሚከፍትለት፣ አፑን የሚጭንለት፣ የመጣውን «እስማማለሁ» ሁሉ በፍጥነት የሚጫነው። እናት ስልኳን የሚያስተካክልላት ልጇ ነው። የስልኩ ባለቤት ያን ገጽ በዓይኑም አላየው። ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን ማስታወቂያችሁ ላይ ብቻ የምትተማመኑ ከሆነ የነገራችሁት ለስልክ ጠጋኙ ነው።

መፍትሔው ነገሩ በሚፈለግበት ቅጽበት መጠየቅ ነው። አንድሮይድ እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው ስሪት 6 ጀምሮ ይህን ይፈቅዳል፤ አይፎንም እንዲሁ። ኪውአር ኮድ ስካን ለማድረግ ቁልፉን ሲጫን ያኔ ካሜራውን ጠይቁ። ከኮንታክት ሰው ሊመርጥ ሲል ያኔ ኮንታክቱን ጠይቁ። ምክንያቱ ዓይኑ ፊት ስላለ ማብራሪያውም አጭር ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ቴክኒካዊ ነገር ልብ በሉ። አይፎን ላይ የሲስተሙን የፈቃድ ጥያቄ የምታቀርቡት አንድ ጊዜ ነው፤ ሰውየው ከከለከለ ዳግመኛ አይመጣለትም፣ ራሱ ሴቲንግ ገብቶ ካልቀየረው በቀር። ከአንድሮይድ 11 ጀምሮም አንድን ፈቃድ ሁለት ጊዜ ከከለከለ ጥያቄው መታየቱን ያቆማል። ስለዚህ የሲስተሙ ሳጥን ከመምጣቱ በፊት በራሳችሁ ገጽ አንድ ሁለት መስመር አስቀድሙ፦ «ብር የሚልኩለትን ሰው ከኮንታክት ለመምረጥ ፈቃድዎን እንጠይቃለን። ኮንታክትዎ ስልክዎ ላይ ይቀራል፤ ወደ እኛ አይላክም። ካልፈለጉ ቁጥሩን በእጅ ማስገባት ይችላሉ።» አይፎን ላይ ሳጥኑ ውስጥ የሚወጣውን የምክንያት መስመርም የምትጽፉት እናንተው ናችሁ። «ይህ አፕ ካሜራ ያስፈልገዋል» ብሎ መጻፍ ቦታውን ማባከን ነው። ያንንማ ሳጥኑ ራሱ እየነገረው ነው።

ፈቃድ አንዴ ተሰጠ ማለት ለዘላለም ታስታውሷል ማለትም አይደለም። ከጀርባ ሆኖ የሚሠራ ነገር በየጊዜው መታወስ አለበት። አይፎን ከአይኦኤስ 13 ወዲህ አንድ አፕ ከጀርባ ሆኖ ቦታችሁን ሲከታተል ቆይቶ ከሆነ የተመዘገቡትን ቦታዎች በካርታ አሳይቶ «ይቀጥል?» ብሎ ይጠይቃል። በጣም የምወደው ሐሳብ ነው፤ ሰው «ሎኬሽን» የሚለውን ቃል ሲሰማ ምንም አይመስለውም፣ የመንደሩን መንገድ በነጥብ ተሞልቶ ሲያይ ግን ወዲያው ይገባዋል። እናንተም ከቻላችሁ የሰበሰባችሁትን ራሱን አሳዩት።

ስክሪን የሌለው ዕቃ፣ ያልተስማማ ሰው

ካሜራ፣ ድምፅ ማጉያ፣ የእጅ ሰዓት፣ የመኪና ጂፒኤስ። እነዚህ ጽሑፍ የሚወጣበት ቦታ የላቸውም ወይም በጣም ጠባብ ነው። ስለዚህ ሌላ መንገድ መጠቀም ግድ ነው፦ መብራት፣ ድምፅ፣ ንዝረት፣ ካርቶኑ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ፣ አብሮ የሚመጣው ካርድ። ስልኮች ይህን ጀምረውታል። አይፎን ካሜራ ሲሠራ አረንጓዴ፣ ማይክ ብቻ ሲሠራ ብርቱካናማ ነጥብ ከላይ ያበራል፤ አንድሮይድም ከስሪት 12 ጀምሮ አረንጓዴ ምልክት አለው። የራሳችሁን ዕቃ የምታስመርቱ ከሆነ የካሜራው መብራት በሶፍትዌር የሚጠፋ አይሁን፤ ካሜራው ኃይል ባገኘ ቁጥር አብሮ የሚበራ ይሁን።

ካርቶኑ ላይ ያለው ዝርዝር ሙሉ መሆን አለበት። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2019 «ኔስት ጋርድ» የተባለው የቤት ጥበቃ ዕቃው በድምፅ እንደሚታዘዝ ሲያስታውቅ የገዙት ሰዎች ደነገጡ፤ ዕቃው ማይክ እንዳለው ማንም አልነገራቸውም ነበር። ኩባንያው ማይኩ ሥራ ላይ እንዳልነበረ ገለጸ፣ ዝርዝሩ ላይ አለመጻፉም ስህተት መሆኑን አመነ። ግን ሳሎኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ማይክ እንዳለው ዘግይቶ የሰማ ሰው ቀጥሎ የምትነግሩትን እንዴት ያምናል?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ ላይ፣ ሱቅ ላይ፣ ሳሎን ውስጥ ሳይቀር ካሜራ የሚያስገጥም በዝቷል። «እስማማለሁ» ያለው የቤቱ ባለቤት ነው። የሚቀረጸው ግን ማን ነው? ቀኑን ሙሉ ቤት የምትውለው ሠራተኛ፣ በር ላይ የሚያድረው ዘበኛ፣ ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤት፣ በአጥሩ ሥር የሚያልፍ መንገደኛ። እነዚህ ሰዎች አፑን አላወረዱም፤ ማስታወቂያው በምንም መንገድ አይደርሳቸውም። ካሜራ ሻጭ ወይም ገጣሚ ከሆናችሁ ይህ የእናንተም ኃላፊነት ነው ብዬ አምናለሁ።

ማድረግ የሚቻለው ብዙ ነው፣ ወጪውም ትንሽ ነው። ከካሜራው ጋር በር ላይ የሚለጠፍ ምልክት አብራችሁ ስጡ፦ የካሜራ ሥዕል፣ ከሥሩ «ምስልና ድምፅ ይቀዳል፤ ለ7 ቀን ይቆያል» የሚል ጽሑፍ፣ እና የሚጠየቅ ሰው ስልክ የሚጻፍበት ክፍት ቦታ። ሰው ካሜራ ሲያይ ምስል ብቻ ይመስለዋል፤ ድምፅም የሚቀዳ ከሆነ ለብቻው መነገር አለበት። ከተቻለ ድምፁ ሲገጠም ጠፍቶ ይምጣ፣ የፈለገ ያብራው። አፑ ላይ ደግሞ ባለቤቱ ካሜራውን መጀመሪያ ሲያስነሳ እንዲህ የሚል ገጽ ይምጣለት፦ «እዚህ ቤት የሚኖሩና የሚሠሩ ሰዎች ካሜራ እንዳለ ያውቃሉ? ሠራተኛዎ የምትተኛበትን ክፍል፣ ሻወርና ልብስ መቀየሪያ ቦታን አይቅረጹ።» አንዳንዱ ያልፈዋል። አንዳንዱ ግን ቆም ብሎ ያስባል፤ ካሜራውንም ወደ በሩ ያዞረዋል።

እምቢታ እንደ እሺታ ይቅለል

«እስማማለሁ» ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ፣ «አልስማማም» ደግሞ ግራጫ ትንሽ ጽሑፍ ከሆነ ጥያቄ አልጠየቃችሁም። የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ተቋም እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን ያስታወቀው በተመሳሳይ ምክንያት ነው፦ ኩኪ (ድረ ገጹ ሰውን ለይቶ ለማስታወስ መሣሪያው ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ ፋይል) ለመቀበል አንድ ጠቅታ ይበቃል፣ ላለመቀበል ግን ብዙ ይፈልጋል። ሁለቱ ቁልፎች እኩል መጠን፣ እኩል ቀለም፣ አንድ ገጽ ላይ ይሁኑ። «አይ፣ ደኅንነቴ አያሳስበኝም» የሚል ዓይነት ሰውን የሚያሳፍር ቁልፍም አትሥሩ። ከከለከለ በኋላ የሚቀርበትን ነገር በትክክል ንገሩት፣ የቀረውን አገልግሎት ግን አትንፈጉት። ሐሳቡን ሲቀይር የሚመለስበት ቦታም ሴቲንግ ውስጥ በሁለት ጠቅታ ይገኝ።

ሙሉው ዝርዝር የት ይግባ?

አጭር ጻፉ ስላልኩ ረጅሙ ይጥፋ ማለቴ አይደለም። ሕጉም ይፈልገዋል፣ ጋዜጠኛና ተመራማሪም ያነበዋል። የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አውሮፓ ውስጥ ላሉ ሰዎች አገልግሎት የምትሰጡ ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ ዳያስፖራው ብር የሚልክበት አፕ ከሆነ፣ ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ይመለከታችኋል። እሱም ማስታወቂያው አጭር፣ ግልጽና በቀላል ቋንቋ የተጻፈ እንዲሆን በግልጽ ያዛል። አዋጁንና ደንቡን የሚያውቅ የሕግ ባለሙያ ረጅሙን ይመልከተው፤ አጭሩን ግን እናንተ ያዙት።

ሁለቱን በደረጃ አያይዟቸው፦ ከላይ ሦስት መስመር፣ «ተጨማሪ» ሲባል አንድ ገጽ፣ ከዚያ ሙሉው። ግን መወጣጫው አይብዛ። ጉግል በጥር 2019 እዚያው ፈረንሳይ 50 ሚሊዮን ዩሮ ሲቀጣ አንዱ ምክንያት መረጃው በብዙ ሰነዶች ተበታትኖ አንዳንዱን ለማግኘት አምስት ስድስት ጊዜ መጫን ማስፈለጉ ነበር። የሚያስደነግጠው ነገር ሁልጊዜ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ይሁን።

ስለ አማርኛው ትንሽ። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ፖሊሲ አትለጥፉ፤ ከሠንጠረዡ ተነስታችሁ በአማርኛ ጻፉት። ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ትንፋሽ ካጠራችሁ ዓረፍተ ነገሩን ቁረጡት። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቃል «ሎኬሽን» ከሆነ «ሎኬሽን» በሉ። ፊደሉ ርካሽና ትንሽ ስክሪን ላይ እንዴት እንደሚታይ ፈትሹ፤ የግዕዝ ፊደል ሲያንስ ይጨፈለቃል፣ ሐና ሓ አይለዩም። ደንበኞቻችሁ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሶማሊኛ የሚያነቡ ከሆነ በየቋንቋቸው አቅርቡት። ማንበብ ለሚከብደው ደግሞ የድምፅ ምልክት አድርጉና ሦስቱን መስመር ሰው አንብቦ ቅረጹት፤ ግማሽ ደቂቃም አይሞላም።

ሞክሩት

ከመልቀቃችሁ በፊት ከቢሮ ውጪ ያሉ ጥቂት ሰዎች ያንብቡት። አክስታችሁ፣ ባለሱቁ፣ የራይድ ሹፌር። ነገር ግን «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይሉኝታ አለ፤ ባይገባቸውም «አዎ፣ ግልጽ ነው» ይላሉ። ይልቅ ስክሪኑን ደብቁና የሚመለስ ጥያቄ ጠይቁ። «ስልኩ ኪስዎ ውስጥ እያለ ይህ አፕ ያሉበትን ያውቃል?» «የላኩትን ፎቶ ከእኛ ሌላ ማን ያየዋል?» «ነገ ላጥፋው ቢሉ የት ይገባሉ?» መልሱ ከተሳሳተ የተሳሳተው ጽሑፉ ነው፤ ያንን መስመር ቀይሩና ለሌላ ሰው አሳዩ።

አሠራራችሁን ስትቀይሩም እንዲሁ። ዋትስአፕ በጥር 2021 እ.ኤ.አ. ለተጠቃሚዎቹ አዲስ ውል ሲልክ እስከ የካቲት 8 ተቀበሉ የሚል ነበር። ለውጡ በዋናነት ከንግድ ድርጅቶች ጋር የሚደረገውን መልእክት የሚመለከት ቢሆንም ብዙ ሰው «መልእክታችንን ሊያነቡ ነው» ብሎ ተረዳው፤ ወደ ሲግናልና ቴሌግራም የሄደው ሕዝብ ብዙ ነው። ኩባንያውም ቀኑን ወደ ግንቦት 15 ገፋው። «ፖሊሲያችንን አድሰናል» የሚል መልእክት ብቻ ከላካችሁ ሰው የራሱን ፍርሃት ይሞላበታል። የተቀየረውንም ያልተቀየረውንም ጎን ለጎን ጻፉ፦ «ከመስከረም 1 ጀምሮ የክፍያ ታሪክዎን ለ2 ዓመት እናስቀምጣለን፤ እስከ አሁን 1 ዓመት ነበር። መልእክትዎን አናነብም፤ ይህ አልተቀየረም። የማይስማሙ ከሆነ ታሪክዎን እዚህ ጋ ማጥፋት ይችላሉ።» ሥር ላይ ስልክ ቁጥር አስቀምጡ፣ ሲደወልም የሚያነሳና ሠንጠረዡን የሚያውቅ ሰው መድቡ።